የምራቴ ማይክሮዌቭ

ማይክሮዌቭ የሚባል ነገር አልወድም። ከመነሻው ልናገረውና ይውጣልኝ። ያን ሰሞን ምራቴንም አልወዳትም ነበር፤ እሷም እኔን አትወደኝም ነበር። «እርስዎ» እና «ልጄ» እየተባባልን ላዩን አለሳልሰነው እንጂ፣ አንድ ኩሽና ለሁለታችን ጠቦን በየቀኑ ነበር የምንፋጨው።

እዚያ ቤት የገባሁት በልመና ነው፤ በኔ ልመና ሳይሆን በነሱ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ብቻዬን እኖር ነበር፤ ጡረታዬን እየተቀበልኩ፣ ሬዲዮኔን ከፍቼ፣ ማንንም ሳላስቸግር። ልጄና ሚስቱ ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ ጠዋት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚገቡት። የቀጠሯት ሞግዚት ሁሉ ሳትሰነብት ትሄድባቸዋለች። አንድ ቀን ልጄ መጣና «እማዬ፣ በቃ አንቺ ነይልን፤ ልጅቷን ካንቺ በላይ ማን ያይልናል?» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቤቴን ዘግቼ ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ካለው አፓርታማቸው ገባሁ። ገና አራት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጄ በሩ ላይ እግሬን ጥምጥም አድርጋ ስትይዘኝ፣ ከእንግዲህ ቢገፉኝም አልወጣ አልኩ በሆዴ።

ምራቴ ግን የገባሁ ዕለት ነው ሕጓን የነገረችኝ። ጫማ እዚህ፣ ፎጣ እዚያ፣ የጋዙን ምድጃ ልጅ ባለበት አይለኩሱት፣ ቀን ቀን የሚሞቀውን ሁሉ በማይክሮዌቭ ያሙቁ። ማይክሮዌቩ ከፍሪጁና ከግድግዳው መሃል ጥጉ ውስጥ ተወሽቋል፤ ደግሞም ለብሷል። ነጭ ዳንቴል ነው የለበሰው። እውነቱን ለመናገር እጇ ሙያ ያውቃል፤ ልጅቷን አርግዛ ሐኪም «አልጋሽን አትልቀቂ» ባላት ጊዜ ራሷ በኪሮሽ የሠራችው ነው። በግራም በቀኝም እስከ ጠረጴዛው ድረስ ይወርዳል፤ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ የቆመበት ብልቃጥ ተቀምጦበታል።

«ሲከፍቱ ከፊት ብቻ ገለጥ ያደርጉታል፣ እንደ መጋረጃ» አለችኝ። «ሌላውን ባይነኩት ነው የሚሻለው እማማ፤ እጅ ሲበዛበት ይቆሽሻል።»

እጅ ሲበዛበት! የኔን እጅ መሆኑ ነው። ዕድሜ ልኬን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደምና ሽንት ስመረምር ኖሬ፣ በየደቂቃው በሳሙና ስፈገፍገው የኖርኩትን እጅ። ደሜ ፈላ፤ ግን «እሺ ልጄ» አልኳት። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አትንኪ ከተባልኩ አልነካም፤ አቧራ ሲቀመጥበት እንኳ አይቼ እንዳላየ አልፈው ጀመር።

እንዲህ ስንል ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሽሮዬን አሙቄ ሳወጣ ፈንጠር አለና ዳንቴሉ ጫፍ ላይ አረፈ። ምራቴ ማታ አየችው። ወዲያው ገፈፈችና አጠበችው፤ በማግስቱ ተኩሳ፣ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ሰፍታበት መለሰችው። የገበታ ጨርቅ ላይ የሚነጠፈው ዓይነት ላስቲክ ነው። ከእንግዲህ ሽሮው ቢረጭ ላስቲኩ ይይዘዋል ማለት ነው። አንዲት ቃል ሳትወጣት! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ያሾፍብኝ ጀመር።

እኩለ ቀን ላይ ነው። እንደ ልማዴ መጀመሪያ የልጅቷን ሾርባ አሞቅኩ፤ ቀጥሎ ሩዟን፤ ከዚያ የራሴን ወጥ፤ መጨረሻ ላይ ከመተኛቷ በፊት የምትጠጣትን ወተት አስገባሁ። መብራቱ በራ፤ ሳህኑ ዞረ፤ ድምፁም ያው እምምም የሚለው ነው። ሲጨርስ ቲን አለ። ኩባያውን ስይዘው ከፍሪጅ እንደወጣ ነው። ቁልፉን ሳልጫን ቀርቼ ይሆናል ብዬ መለስኩት። ዞረ፣ ቲን አለ፣ ወተቱ ያው ነው። «ወይ ጉድ!» አልኩ። ልጅቷ እንቅልፏ መጥቶ ትነጫነጫለች። ምን ላድርግ? ጋዙን ለኮስኩና ወተቱን አሙቄ አጠጥቼ አስተኛኋት።

ማታ ሲገቡ «ማይክሮዌቫችሁ ተበላሽቷል፤ ይዞራል እንጂ አያሞቅም» አልኳቸው። ልጄ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ሄዶ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስገባ። ሲያወጣው እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። «ይሠራል እኮ እማዬ» አለኝ። የምራቴ ዓይን ግን የጋዙ ምድጃ ላይ ነበር።

በማግስቱም ያው ነው፤ በሦስተኛው ቀንም ያው። ለእኔ ቀን ቀን እምቢ ይላል፣ ለነሱ ማታ ይታዘዛል። በነገርኳቸው ቁጥር ልጄ ውሃውን ያስገባል፣ ውሃው ይፈላል፣ እኔ አፍራለሁ። በመጨረሻ መናገሩንም ተውኩት። ማሽኑም ሰው ይለያል እንዴ እያልኩ ለብቻዬ አጉረመርማለሁ፤ ምራቴ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮዋ በቪዲዮ ትደውላለች። «በላች እማማ? ምን በላች? እስቲ ሳህኑን ያሳዩኝ።» ሳህን አሳያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለአለቃ ሪፖርት እንደማቀርብ ሳህን ይዤ ስልክ ፊት እቆማለሁ።

ከዚያ የወተቱ ኩባያ ነገር መጣ። አንድ ቀን ወተቱ ደጋግሞ አልሞቅ ሲለኝ፣ ልጅቷም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲጥላት፣ በንዴት የማይክሮዌቩን በር ድርግም አድርጌ ሄድኩ። ኩባያው ውስጡ ቀረ። ማታ ምራቴ እራት ልታሞቅ ስትከፍት አገኘችው። ሳሎን ድረስ ይዛው መጣች፤ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ኤግዚቢት ከፍ አድርጋ።

«እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ወተት ነዋ። አልሞቅ ብሎኝ ትቼው ነው።»

«ትተውት?» ባሏን አየት አደረገችው። «ከቀን ጀምሮ እዚያ ውስጥ? ረስተውት ነው እማማ። ምንም አይደለም፣ ያጋጥማል።»

ያጋጥማል! ቃሉን ስትናገር ድምጿን አለሰለሰችው። ብትጮህብኝ መልስ አላጣም ነበር። የታመመ ሰው እንደሚያባብሉ ስታባብለኝ ግን አፌ ተያዘ። ልጄም «ተይው በቃ» አላት እንጂ «እናቴ አትረሳም» አላላትም። እሱን ነው ይቅር ያላልኩት።

ከዚያች ማታ ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር መርሳት ሆነ። መነጽሬን ስፈልግ ይተያያሉ። ልጅቷን በአባቷ ስም ስጠራት ይተያያሉ፤ ይህን ያላደረገች አያት የት አገር አለች? ጋዙን መለኮሴ እንኳ «አይለኩሱ ብያቸው፣ ረስተውት» ተባለ። አልረሳሁም እኮ! እያወቅኩ ነው የለኮስኩት! እኔ ልጅ አላስርብም! እንዲህ ብዬ ስጮህ ደግሞ «ይኸው፣ ጠባያቸውም ተለውጧል» ተባለ። ጠባዬ ድሮም ይኸው ነበር። ልጅቷ አሻንጉሊቷን ታቅፋ መሃላችን ትቀመጥና ከአንዳችን ፊት ወደ ሌላችን ፊት ታያለች።

አንድ ምሽት ልጄ ክፍሌ ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እማዬ፣ እንዳትቆጪ» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ሊያስቆጣኝ እንደመጣ አላጣውም።

«ሐኪም ዘንድ ብንሄድ ብለን ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለምርመራ ያህል። የማስታወስ ነገር…»

«የማን ማስታወስ?»

«ያው… ያንቺ። ሐሙስ ቀጠሮ ይዘናል። ደግሞ ለልጅቷ ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ አንድ ጥሩ ደይኬር አይተናል። ካሜራ አለው፤ እናቷ ቢሮ ሆና በስልኳ ታያታለች። ሐኪሙ ደህና ናቸው ካለ እንተወዋለን። ካልሆነ ግን…»

ካልሆነ ግን ልጅቷን ከእጄ ሊወስዷት ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማባበያ ነው። እኔ እዚያ ቤት የምኖረው ለፎቁ አይደለም፣ ለሶፋው አይደለም። ጠዋት ፀጉሯ ቆሞ፣ ብርድ ልብሷን እየጎተተች አልጋዬ ውስጥ የምትገባው ልጅ ናት የኔ ነገር። እሷን ከካሜራ ሥር አስቀምጠው፣ እኔን ደግሞ ሶፋ ላይ አስቀምጠው «ደህና ነዎት?» እያሉ ሊጠብቁኝ ነው። ከዚህስ ሞት ይሻላል አልኩ።

«እኔ አይደለሁም የተበላሸሁት፣ ማሽኑ ነው» አልኩት። «እኔን ሐኪም ቤት ከመውሰድህ በፊት እሱን አስመርምረው።»

እሺ አለኝ። ልጄ ጠብ አይወድም፤ ለሁለታችንም እሺ እያለ ነው የሚኖረው።

ቅዳሜ ማይክሮዌቩን ጭነን መገናኛ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ሄድን። ምራቴ ዳንቴሏን በጥንቃቄ ገፍፋ፣ አጥፋ አስቀረችው፤ ማሽኑ ራቁቱን ከኋላ ወንበር ላይ ከኔ ጎን ተቀመጠ። መገናኛ ያው መገናኛ ነው፤ ረዳቱ ይጣራል፣ ካልሲ ሻጩ ይጣራል፣ ትራፊኩ ያፏጫል፤ መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ ረፋዱ አለቀ። ጠጋኙ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ስናናግረው እንኳ አላወለቀውም። ሶኬቱን ሰካ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስገባ፣ ውሃው ተንፈቀፈቀ።

«ምንም የለውም» አለ። ለልጄ ነው የነገረው፤ እኔ የለሁም።

«ቀን ቀን ነው የማይሠራው» አልኩት።

«ይኸው አሁን ቀን አይደል እንዴ እናቴ?» ብሎ ሳቀ። «ሰዓቱን በደንብ ሳይሞሉት ቀርተው ይሆናል። ብዙ እናቶች ይቸገራሉ።»

«ብዙ እናቶች ምን ይሆናሉ?» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ልጄ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ተመልሰን ቤት ደረስን። ምራቴ በሩን ከፍታ «እና?» አለች፤ ልጄ «ደህና ነው አሉ» አላት። ማይክሮዌቩ ጥጉ ውስጥ ገባ፣ ዳንቴሉን ለበሰ፣ ብልቃጡ ተመልሶ ወጣበት። እሷ አበባዋን እያስተካከለች፣ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር፣ «እንግዲህ ሐሙስን እንጠብቅ» አለች። ያኔ ጠላኋት። አልደብቅም፤ ከነዳንቴሏ ጠላኋት።

እሑድ ከአልጋዬ አልተነሳሁም፤ ራሴን አሞኛል አልኳቸው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ታላቅ እህቴ መጨረሻዋ ላይ የወለደቻቸውን ልጆች «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» ትላቸው ነበር። እሷም አልረሳሁም እያለች ነበር የምትምለው። እኔስ? ቁልፉን በእርግጥ ተጭኜዋለሁ? ወተቱን በእርግጥ አስገብቼዋለሁ? ሰው ደጋግሞ ሲነግራችሁ የገዛ እጃችሁን ትጠራጠራላችሁ። ጣራው ላይ አፍጥጬ ስለ ራሴ ሳስብ ዋልኩ፤ ያን ቀን የመሰለ ክፉ ቀን አላሳለፍኩም።

ሰኞ ሁለቱም ከወጡ በኋላ ግን እልሄ ተነሳ። ቆይ ብቻ አልኩ። እኔ እኮ ምርመራ ሥራዬ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ የማይመስል ውጤት ሲመጣ በሽተኛውን አንሰድብም፤ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተን፣ እንደገና እናየዋለን። ለሰው ደም ያደረግኩትን ለዚህ ቆርቆሮ ሣጥን አቅቶኝ ነው?

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነው፤ ምናልባት ቀን ላይ ኃይሉ ይደክም ይሆናል። ግን ሰፈራችን ውስጥ መብራት የሚደክመው ሲመሽ ነው፣ ሁሉም ሰው ምድጃ ሲሰካ። ያኔ ደግሞ ማሽኑ ደህና ነው። መብራቱን ተውኩት። ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርኩ። አንድ ዓይነት ኩባያ ደርድሬ በእኩል ውሃ ሞላኋቸው፤ ልጅቷን ወንበር ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኳትና የማደርገውን ሁሉ ጮክ ብዬ መናገር ጀመርኩ። «ኩባያውን አስገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ሰዓቱን ሞላሁ። ቁልፉን ተጫንኩ።» ልጅቷ አያቷ አብዳለች ብላ መሰለኝ በሳቅ ፈረሰች።

የመጀመሪያው ኩባያ ጣቴን አቃጠለኝ። ሁለተኛውን ወዲያው አስገባሁ፤ ለብ ብቻ አለ። ሦስተኛው ቀዝቃዛ ወጣ። አራተኛውም ቀዝቃዛ።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ቀኑና ማታው አይደለም፤ እኔና እነሱም አይደለንም። ማሽኑ ይደክማል! እነሱ ማታ አንድ ጊዜ እራት አሙቀው ያጠፉታል፤ ጠጋኙም አንድ ብርጭቆ አፍልቶ ሸኘን። ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ የማሠራው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ የሚደክመውም በእኔ እጅ ብቻ ነው።

ግን ለምን ይደክማል? ያኔ የተከለከልኩትን አደረግኩ። እጄን በዳንቴሉ ሥር ሰደድኩ። እሳት ነው! ላስቲኩ ለስልሶ ከማሽኑ ጎን ተጣብቋል፤ ገፋ ሳደርገው ጠረኑ ዓይኔን አስነባኝ። ከላስቲኩ ሥር፣ በማሽኑ ጎንና ጀርባ ላይ፣ ወንፊት የመሰሉ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ሙቀቱ የሚወጣባቸው ናቸው። ዳንቴል ብቻ ሲሆን በቀዳዳው ይተነፍስ ነበር፤ ላስቲክ ሲሰፋበት ግን ታፈነ። እኛ ላቦራቶሪ የነበሩትም ማሽኖች ከልክ በላይ ሲግሉ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ሲበርዱ ይመለሳሉ። ይኼኛው ተንኮለኛ ነው፤ ማሞቂያውን ብቻ ያጠፋና መብራቱንና ሳህኑን እንደ ደህና ነገር ያሽከረክራል። ቆሞ ያየው ሰው የሚሠራ ነው የሚመስለው።

እስኪበርድ ጠበቅኩ። ዳንቴሉን ገፍፌ፣ ማሽኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌ፣ ኩባያዎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። ሁሉም ፈሉ። ማክሰኞ መልሼ አለበስኩትና ሞከርኩት፤ ደከመ። ገፈፍኩት፤ ሠራ። አንዴ ብቻ አይቼ ውጤት ጽፌ አላውቅም፤ እዚህም አላደረግኩትም። ከዚያ እንደነበረው አድርጌ፣ አበባውን እንኳ ወደነበረበት አዙሬ፣ ረቡዕ ማታን ጠበቅኩ።

ሲገቡ ኩባያዎቹን ደርድሬ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነበር። «ማንም ልብሱን እንዳይቀይር» አልኩ። «ሁለታችሁም እዚህ ኑ።»

«እማማ፣ ዛሬ በጣም ደክሞኛል» አለች ምራቴ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«እኔም ደክሞኛል። አስገቢው። እኔ ልረሳ ስለምችል ቁልፉን አንቺ ተጫኚው።»

ፊቷ ቀላ። ተጫነች። የመጀመሪያው ኩባያ ፈላ፤ «ይኸው» አለች። «ቀጥዪ» አልኳት። ሁለተኛው ለብ አለ። ሦስተኛውን ስታወጣ ጣቷን ነከረችበት፤ ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ መልሳ አስገባችው። ቲን አለ። አሁንም ጣቷን ነከረች።

«ተበላሸ» አለች።

«አልተበላሸም። ዳንቴልሽን አንሺው። አንቺ አንሺው፤ እኔ አትንኪ ተብያለሁ።»

ብልቃጡን አውርዳ ጫፉን ስትስበው ላስቲኩ ጠርርር ብሎ ተላቀቀ። ግለቱ ፊቷን ሲመታት ወደ ኋላ አለች። ቀዳዳዎቹን በጣቴ አሳየኋት። እስኪበርድ ጠበቅን፤ ከዚያ ማሽኑ ራቁቱን እንዳለ ኩባያ አስገባችበት፤ ፈላ። ሌላ አስገባች፤ ፈላ። ሌላ፤ ፈላ። ልጄ ግድግዳው ላይ ተደግፎ መሳቅ ጀመረ፤ የደስታ ነው፣ ግን ሳቁ አበሸቀኝ። እኔ ስንት ቀን ሙሉ በድን ሆኜ ከርሜያለሁ፤ እሱ ይስቃል።

«እና ጥፋቱ የኔ ነው?» አለች ምራቴ።

«ጥፋቱ የላስቲኩ ነው። የሰፋሽው ግን አንቺ ነሽ።»

«ሽሮ ባይረጩበት አልሰፋበትም ነበር።»

«እሱን አልረሳሁትም» አልኳት።

አፍጥጠን ተያየን። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ለልጄ ፈርቼ ነው» አለች ዳንቴሉን ጭኗ ላይ እያፍተለተለች። «ቢሮ ተቀምጬ የማስበው እሷን ብቻ ነው። ይቅርታ እማማ።» መሬት እያየች ነው ያለችው፤ ቢሆንም አለች። እኔም «ይቅር ለእግዜር» አልኳት። አፌ ነው እንጂ ልቤ ገና ነበር።

ልጄ እዚያው ቆሞ ደወለና የሐኪሙን ቀጠሮ ሰረዘ። ደይኬሩም ቀረ። ምሳ ሰዓት ላይ የሚመጣው የቪዲዮ ጥሪም ቆመ። አሸነፍኩ! ሐሙስን እንደ ዓመት በዓል ዋልኩት። ለድሮ የሥራ ባልደረቦቼ እየደወልኩ ታሪኩን ከነኩባያው ተረክሁላቸው፤ ሁሉም ምራቴን አሙልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ቤት ነበርን። ልጄ ሻወር ውስጥ ነው፤ ምራቴ መኝታ ቤት ልብስ ታጣጥፋለች። እኔ የልጅቷን ወተት አስገባሁ፤ ማሽኑ ዞረ፣ ቲን አለ። በመዳፌ ያዝኩት፤ ልክ እንደምትወደው ነው። ኩሽናው ደጃፍ ላይ አሻንጉሊቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ሰጠኋት።

«ጠጪ የኔ እናት።»

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ወደ አፏ ግን አልወሰደችውም። ኩባያውን አየች፣ እኔን አየች።

«ረስተሽው ነው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ማሞቅ።»

«አልረሳሁም እናቴ። ሞቋል፤ ቅመሺው።»

ራሷን ነቀነቀች። ክፋት የለባትም፤ ልጅ ናት፤ የሰማችውን ነው። «እማዬ ትየው» አለችና ተነሳች። ኩባያውን እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ ቀስ እያለች፣ በኮሪደሩ ወደ እናቷ ሄደች። ለማሽኑ ኩባያ ደርድሬ፣ ለልጄ አሳይቼ፣ ምራቴን ይቅርታ አስብዬ ነበር፤ ለዚህች ግን ምን እደረድርላታለሁ?

ተከትያት በሩ ላይ ቆምኩ። ምራቴ ኩባያውን ተቀብላ ሙቀቱን በእጇ ስታውቀው ዓይኗን ወደኔ አነሳች፤ ወዲያው መለሰችው። «ሞቋል እኮ የኔ ቆንጆ፤ አያትሽ አሙቃልሻለች፤ ጠጪ» አለቻት። ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ መጀመሪያ እስክትቀምስላት ድረስ ጠበቀች፤ ከዚያ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።